ሰባት ግልባጭ ለአራት ጠረጴዛ

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ለመኩራራት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ገቢ ደብዳቤ ስቀበል፣ ወጪ ደብዳቤ ስሸኝ ኖሬያለሁ። አለቆች መጥተው ሄደዋል፣ ሕንፃው ስንት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፣ እኔ ግን ከነማህተሜ እዚያችው መስኮት ሥር ነበርኩ። ደብዳቤ የጨነቀው ሰው የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። "በመሆኑም" የት እንደሚገባ፣ "ይሁን እንጂ" የቱ ጋ ሲገባ እንደሚያም ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ሀዋሳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባለቤቴ ግን ሥራ የምትሠራ ሰው ናት። ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ ካፌ አለቻት። ካፌዋን የከፈተችው እኔ በደመወዜ ረድቻት አይደለም፤ ዓመታት ሙሉ ሆስፒታል በር ላይ በፔርሙስ ሻይ ሸጣ፣ ዕቁብ ጥላ ነው። ቤቷ ወደ ውስጥ ረዥም፣ ወደ ጎን ጠባብ ናት። የቡና ማሽኑ በሩ አጠገብ ስለተተከለ ከሰዓት በኋላ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ማኪያቶውን የሚጠጣው ላቡን እየጠረገ ነው። ድሮ በረንዳው ላይ አራት ጠረጴዛ ታወጣ ነበር። ማንም ፈቃድ አምጪ አላላትም፣ እሷም ማንንም አልጠየቀችም። መንገዱ ሲታደስ በረንዳው ፈረሰና በምትኩ ሰፊ፣ ያማረ የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ። ከዚያ በኋላ ውጭ ጠረጴዛ ማውጣት በፈቃድ ብቻ ሆነ። ይህ ተገቢ ነው፤ እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ደንበኞቿ ግን የሚወዱት ንፋስ ነው። የሀዋሳ ሰው አሥር ሰዓት ላይ ደጅ ካልተቀመጠ ቀኑ ያለቀ አይመስለውም። በሩ ላይ ይቆማሉ፣ አንገታቸውን አስግገው ውስጡን ያያሉ፣ "እንመለሳለን" ይላሉ፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ወንበር ወደ ደረደረው ቤት ይሻገራሉ። አይመለሱም።

የቤቱ ኪራይ ውል ጥር መጨረሻ ላይ ያልቃል። ጥቅምት ላይ አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ ባለቤቴ በግልጽ ነገረችኝ።

"ጥር እስኪያልቅ ጠረጴዛዎቼ ውጭ ካልወጡ ቤቱን እለቃለሁ። ቱላ ሄጄ እህቴ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ።"

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። የእሷ ድምፅ ሳይለወጥ ሲቀር ነገሩ የምር ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ከገዛ ካፌዋ ወጥታ የሰው ሱቅ ውስጥ ስኳር ስትመዝን ታየኝና ደነገጥኩ።

"ለእኔ ተዪው" አልኳት።

"ሄጄ ልጅቷን ብጠይቃትስ?"

"የቷን ልጅ?"

"ፈቃድ የምትሰጠዋን።"

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው የዚያ ሳቅ ነገር ያሳፍረኛል። "በቃል?" አልኳት። "በቃል የሚንቀሳቀስ መሥሪያ ቤት የለም። ደብዳቤ ያስፈልጋል። የተሟላ ደብዳቤ።" ባለቤቴ መልስ አልሰጠችኝም። እኔም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርኩት። በትዳራችን ውስጥ ይህን ስህተት ስሠራ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ረቂቁን ስጽፍ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ከካፌው ወንበሮች ሁሉ ትንሽ ንፋስ የሚያገኘው በሩ አጠገብ ያለው ነው፤ እኔ እሱ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ይኸውም በቀን ሁለት ሦስት ደንበኛ አባረርኩ ማለት ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ከተማችን ውበት ነው። ሁለተኛው ስለ ሐይቁና ስለ እንግዳ አቀባበል ነው። ሦስተኛው ባለቤቴ ለከተማዋ ዕድገት ስላበረከተችው አስተዋጽኦ ነው፤ ሻዩን በፔርሙስ መሸጧን "በአነስተኛ የመስተንግዶ ዘርፍ" ብዬዋለሁ። ጠረጴዛ የሚለው ቃል የመጣው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። እዚያ ስደርስ በራሴ ተደንቄ ብዕሬን አስቀመጥኩና አንድ ስፕሪስ አዘዝኩ፤ አልከፈልኩም።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምንም ባልሆነ። እኔን የገደለኝ ግርጌው ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ላልኖረ ሰው ላስረዳ። ከደብዳቤ በታች "ግልባጭ" ይባልና ደብዳቤው ከዋናው ተቀባይ ሌላ ለማን ለማን እንደደረሰ ይዘረዘራል። እንዲያውቁት ብቻ ነው ይባላል። አይደለም፤ ለማስፈራራት ነው። "አንተ ዝም ብትል እነዚህ ሁሉ ያዩሃል" ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ የሰው ደብዳቤ ሳይ መጀመሪያ የማነበው ግርጌውን ነበር። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ሁለት ግልባጭ ያለው ይነሳል። እንግዲህ ሰባት ቢሆንስ?

ሰባት አደረግኩት። የመንገዱን ጉዳይ ለሚይዙት አንድ፤ ዛፍና አበባ ለሚንከባከቡት አንድ፤ ለእሳት አደጋ፣ ለትራፊክ፣ ለንግድ፤ ከካፌው ፊት ለፊት መሬት ላይ የብረት ክዳን ስላለ ለውሃዎቹም አንድ። ሰባተኛው የፈቃድ ሰጪዋ የአለቆቿ አለቃ ለሆኑት ነው። እሱን ስጽፍ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ። ከዚያ ባጃጅ ይዤ ቀኑን ሙሉ እየዞርኩ አደረስኩ። በየመስኮቱ "ገቢ ሆኗል" የሚል ማህተም ሲያርፍበት የጡረታ ዘመኔ ገና አሁን የተጀመረ መሰለኝ።

ለሁለት ሳምንት ማንም አልመጣም። ከዚያ አንዱ ሲሄድ ሌላው መጣ።

መጀመሪያ የመጣው የመንገዱ ባለሙያ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ቡናውንም ከፈለ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለት እርምጃ ለካና ከዚህ ወዲያ ዕቃ እንዳይቀመጥ አለ። በሦስተኛው ቀን የዛፎቹ ባለሙያ መጣችና የችግኙ ሥር እንዳይረገጥ ብላ በዙሪያው ክብ አሳየችን። የእሳት አደጋው ሰው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ክፍት ይሁን አለ። የውሃው ሰው ክዳኑን ከፍቶ ዘጋና በአራቱም በኩል ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚሠራበት ቦታ ተዉልኝ አለ። የትራፊኩ ደግሞ ለዓይነ ስውራን የተነጠፈውን ቢጫ መስመር አሳይቶ ግራና ቀኙ ነፃ መሆን አለበት አለን። ሁሉም ትክክል ናቸው። ደግሞ እያንዳንዳቸው ካልተጠየቁ በራሳቸው አይመጡም ነበር። የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ የሁሉንም ድንበር በጠመኔ ታሰምረው ነበር። አምስተኛው ባለሙያ ሲሄድ ቆመን አየነው። መንገዱ ሰፊ ነው ብዬ ነበር አይደል? ከመስመሮቹ መሃል የተረፈችው በግድግዳውና በኤሌክትሪክ ምሰሶው መካከል ያለች ሦስት ማዕዘን ነበረች። ባለቤቴ ገብታ አንድ በርጩማ አመጣችና እዚያች ቦታ ላይ አስቀመጠች። ተቀመጠችበት። ጉልበቷ ከመስመሩ ወጣ።

"እግር የሌለው ደንበኛ ፈልግልኝ" አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ቆይታ በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር አለች። እኔ ከወላይታ መጥቼ ሀዋሳ ስኖር ሽበት አብቅያለሁ፤ ሲዳሙ አፎ በደንብ እሰማለሁ፣ ሲጠቅመኝ ግን የማልሰማ እመስላለሁ። ያን ቀን ጠቀመኝ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሰባተኛው ግልባጭ ሥራውን ጀመረ። የአለቆቹ አለቃ ደብዳቤዬን አንብበውት ኖሯል። ኅዳጉ ላይ "ይህን ያህል አካል ያሳወቁት ምን ችግር ቢደርስባቸው ነው? ተጣርቶ ሪፖርት ይቅረብልኝ" ብለው ወደ ታች መሩት። ይህን የሰማሁት ፈቃድ ሰጪዋ አስጠርታኝ ነው። ገና ሠላሳ የሞላት የማትመስል ልጅ ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የእኔ ደብዳቤ በወፍራም ፋይል ታቅፎ ተቀምጧል።

"አባባ፣ እኔ ምን አድርጌዎት ነው?" አለችኝ።

አባባ የሚለው እንደ ጥፊ ነው የተሰማኝ። እኔ ራሴን ጋሼ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት።

"ምንም አላደረግሽኝም የኔ ልጅ። ነገሩ እንዲፋጠን ብዬ ነው።"

"አሁን እኮ ተከሳሽ ሆኛለሁ። ሪፖርት አቅርቢ ተብያለሁ። ሪፖርት ለማቅረብ የስድስቱን አስተያየት በጽሑፍ ማግኘት አለብኝ። ስድስቱ ደግሞ መጀመሪያ ያንቺን ውሳኔ እንይ ይሉኛል። ይሄ ደብዳቤ ክፍት እስካለ ድረስ ለእናንተ ምንም ነገር መፈረም አልችልም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ማመልከቻዬን አንስቻለሁ ብለው ይጻፉ። ለእኔ ብቻ አይደለም። ለሰባቱም።"

"ካነሳሁት እኮ ምንም ማመልከቻ አይኖረንም!"

"ግድ የለም አባባ፣ እርስዎ ብቻ ያንሱት" አለችና መሳቢያዋን ነካ አደረገች። መሳቢያውን ለምን እንደነካች አልጠየቅኩም። ግራ ገብቶኝ ነበር።

ብዙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የሰው የዕድገት ጥያቄ፣ የሰው አቤቱታ፣ አንድ ጊዜም ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ የጋብቻ ጥያቄ ጽፌያለሁ፤ እሺ ተብሏል። እንደዚያ ደብዳቤ ግን ያስቸገረኝ የለም። "ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የቀረበ ማመልከቻን ስለማንሳት" ካልኩ በኋላ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። "በተፈጠረ የአሠራር ክፍተት" ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። "ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት" አልኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት። በመጨረሻ ሌላ መውጫ ሳጣ "በእኔ በጸሐፊው ጥፋት ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ያለ አግባብ ስላስቸገርኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ" ብዬ ጻፍኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም መሥሪያ ቤት እንዲህ ብሎ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም።

እንደገና ባጃጅ። እንደገና ሰባት መስኮት። አንደኛው መስኮት ላይ ያለ ወጣት ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ መለሰልኝ።

"የበፊቱ ደብዳቤ የገቢ ቁጥር አልተጠቀሰም።"

"ልጄ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ ተነስቼ..."

"ቁጥሩን ጽፈው ይምጡ።"

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ለስንት ሰው ነው ያልኳት? ከገጠር መጥታ ቀኑ ተሳስቷል ብዬ የመለስኳት አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። መልኳ ትዝ አላለኝም፤ ያን ጊዜም አላየሁትም። የማስታውሰው ወረቀቷን ነው። ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቤቴ ሄጄ ቁጥሩን ፈልጌ፣ ጽፌ፣ ተመለስኩ። ለምሳ ወጥቶ ነበር። ጠበቅኩት።

ሰባቱም ማህተም አርፎባቸው ወደ ልጅቷ ስመለስ ከጥር የቀረው አንድ ሳምንት አይሞላም ነበር። ባለቤቴ ለእህቷ ደውላ መደርደሪያ እንድታስለቅቅላት ነግራታለች። ካርቶኖችም ከየሱቁ እየለመነች መሰብሰብ ጀምራ ነበር፤ ማሽኑ ሥር ተደራርበው ሳይ ወደ ሌላ ነበር የማየው።

ልጅቷ ሰባቱን ወረቀት ቆጠረች፣ ወፍራሙን ፋይል ዘጋች፣ በላዩ ላይ "ተዘግቷል" ብላ ጻፈች። ከዚያ መሳቢያዋን ሳበችና አንድ ገጽ ፎርም አወጣች።

ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ትልልቅ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ የባለቤቴ ጽሕፈት ነው። ጠረጴዛ አራት። ወንበር አሥራ ስድስት። ሰዓት፣ ከቀኑ ዘጠኝ በኋላ። "ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ "ውስጡ ስለሚሞቅ" ይላል። የእኔ ሁለት ገጽ እዚያች ሁለት ቃል ውስጥ ከነቤተሰቡ ገብቶ ነበር። ከፎርሙ ጀርባ ላይ ልጅቷ ራሷ በእስክሪፕቶ የሣለችው የመንገዱ ንድፍ አለ፤ ጠረጴዛዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ በግድግዳው ጥግ አስጠግታቸዋለች፤ ቢጫውም መስመር፣ በሩም፣ ክዳኑም ነፃ ናቸው።

የመዝገብ ቤት ሰው ዓይን መጨረሻ የሚያርፈው ቀን ላይ ነው። ፎርሙ የገባው የእኔ ደብዳቤ ከመድረሱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።

"ያን ቀን መጥታ ስትነግረኝ አብረን ሄደን ቦታውን አየነው" አለች ልጅቷ እየፈረመች። "እዚያው ልጨርስላት ስል፣ አንድ ሳምንት አቆዪልኝ አለችኝ። ምክንያቱን አልነገረችኝም። ከዚያ የእርስዎ መጣ።"

ማህተሙን መታች። ፈቃዱን ተቀብዬ ወጣሁ። ባጃጅ አልያዝኩም፤ እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ አላየሁትም፤ ኋላ ላይ ኮራብን ተብሏል።

ካፌው ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ማሽኑ ላይ ናት። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነበበችው፣ አንዴ ከላይ እስከ ታች፣ አንዴ ማህተሙን ብቻ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የተደራረቡትን ካርቶኖች በእግሯ ወደ ጥግ ገፋ አደረገቻቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ፎርሙን። እኔ እኮ ገና ረቂቅ ላይ ነበርኩ።"

ወተቱን ማሞቅ ጀመረችና ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

"ሞልቼ ስመጣ ልነግርህ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀምጠህ ትጽፋለህ። ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ ጠዋት ተነስተህ ፂምህን ስትላጭ ያየሁህ ያን ሰሞን ነው። ሸሚዝህን ራስህ ተኮስክ። ሰው ሲገባ ቀና ብለህ ሰላም ትላለህ። አንድ ሳምንት ይጻፍ አልኩ። ሲጨርስ የእኔን አስፈርማለሁ አልኩ።" የወተቱን ጣሳ ባንኮኒው ላይ ጧ አድርጋ አስቀመጠችው። "ሰባት ቦታ እንደምትልከው ማን ነገረኝ! ሰባት! ሦስት ወር ሙሉ አንተን ባየሁ ቁጥር ስናደድ ነው የከረምኩት።"

"ቤቱን ብታጪውስ ኖሮ?"

"አጣው ነበራ።"

እንዲሁ ነው ያለችው፤ የስኳር ዋጋ እንደምትነግረኝ። እኔ ካፌዋን ላድንላት ስሯሯጥ የከረምኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እኔ አንድ ሳምንት ሰው መስዬ እንድቀመጥ ብላ ካፌዋን አስይዛ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ማንም አልሰደበኝም፣ ለዚያም ይሆናል ይበልጥ የከበደኝ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ለሰባት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ፣ በፊርማ ብያለሁ። ለእሷ ግን ሦስት ወር ሙሉ አንድም ጊዜ አላልኩም፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በፊት ባሉት ዓመታት ማለቴን አላስታውስም። ቃሉ አፌ ላይ መጣና ወጣ። ልክ ስናገር ማሽኑ እንፋሎቱን ለቀቀና ዋጠው።

"ምን አልክ?" አለች።

"ይቅርታ አልኩሽ!"

ጮክ ብዬ ኖሯል። ሁለቱ ተማሪዎች ስልካቸውን ትተው ዞር አሉ። ባለቤቴ ማሽኑን አጠፋችና አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ።

"እሺ" አለች። "ና፣ ያንን ጠረጴዛ በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ያዝኩት። የብረት ጠረጴዛ ነው፤ ገና ከመሬት ስናነሳው ወገቤን ያዘኝ። በሩ ላይ ሁለቴ አረፍን። በረንዳው በነበረበት ጊዜ ሁሉ እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ማህተም ስመታ፣ አራቱንም በየቀኑ ብቻዋን ነበር የምታወጣቸው።